«አልተፈወስኩም» ያሉት አቶ ሆሴዕ ሄራሞ (1957–2017 ዓ.ም.)

አቶ ሆሴዕ ሄራሞ ከአባታቸው ከአቶ ሄራሞ ላንቃሞ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ውቢት አኑሎ በጥቅምት ወር 1957 ዓ.ም. በሶሮ፣ ከጊምቢቹ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር ተወለዱ። ለቤቱ አራተኛ ልጅ ነበሩ። ወላጆቻቸው እንሰትና ስንዴ የሚያለሙ ገበሬዎች ሲሆኑ በአካባቢው ወንጌልን ቀድመው ከተቀበሉት ቤተሰቦች ነበሩ። የጸሎት ቤቶች በተዘጉባቸው ዓመታት ጎረቤቱ የሚሰበሰበው በእነርሱ ቤት ስለነበር፣ አቶ ሆሴዕ መዝሙር የተማሩት ድምፅ ሳያወጡ፣ ከንፈር ብቻ በማንቀሳቀስ ነው። ካደጉ በኋላም ሲዘምሩ አጠገባቸው ለቆመ ሰው እንኳ የማይሰሙት በዚያ ልማድ የተነሣ እንደሆነ ይናገሩ ነበር። ታላቅ እኅታቸው ወ/ሮ ማራኪ ግን «ምክንያት አታብዛ፣ ዜማ ስለማትችል ነው» ይሏቸው ነበር።

በ1964 ዓ.ም. በጊምቢቹ ትምህርት ጀመሩ። ሁለተኛ ደረጃን በሆሳዕና ከተማ፣ ከሦስት የአገራቸው ልጆች ጋር አንድ ክፍል ቤት ተከራይተው፣ በ1976 ዓ.ም. አጠናቀቁ። ከዚያም ጅማ ሄደው በ1979 ዓ.ም. በሕክምና ላብራቶሪ ቴክኒሺያንነት ተመረቁና በሙዱላ አካባቢ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ተመደቡ።

ከሙዱላ ዓመታቸው አንድ ነገር ብቻ ለልጆቻቸው ደጋግመው ይነግሩ ነበር፤ እሱም ያኮራቸው ሥራ አልነበረም። በ1981 ዓ.ም. ክረምት፣ ሰው በበዛበት የገበያ ቀን፣ የሁለት ሕሙማንን የደም ስላይድ አቀያየሩ። ወባ የነበረባት ሴት «ደምሽ ንጹሕ ነው» ተብላ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ስላይዶቹን መልሰው ሲያዩ ስሕተታቸውን አገኙት። ከእሳቸው በቀር ያወቀ ሰው አልነበረም። መድኃኒቱን በኪሳቸው ይዘው በጭቃ ሁለት ሰዓት ተጉዘው የሴትየዋ ደጅ ደረሱ። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማቸው ቆየና «ባትነግረኝ እኔ ከየት አውቀው ነበር?» አላቸው።

«እኔ አውቄዋለሁ እኮ» አሉት።

ሰውየው ከእግር እስከ ራስ አያቸው። «በል ግባ፣ እግርህን ታጠብ» አለ።

በ1984 ዓ.ም. ወደ ዳምቦያ ተዛወሩ። እዚያም የአማርኛ መምህርት የነበሩትን ወ/ሮ እታለም ተገኘን አወቁ። የተላኩት ሽማግሌዎች በወ/ሮ እታለም አባት ፊት ቀርበው «ልጃችን ዶክተር ነው» ብለው ተናገሩ። ይህን የሰሙት አቶ ሆሴዕ በሦስተኛው ቀን፣ ሙሽራ በማይሄድበት ጊዜ፣ ብቻቸውን ሄደው «አባባ፣ እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ደምና ሰገራ የምመረምር ነኝ» አሉ። አቶ ተገኘ ለረጅም ጊዜ ከሳቁ በኋላ «እንግዲህ ሽማግሌዎችህን ትተን አንተን እንመን» ብለው ልጃቸውን ሰጡ። ጋብቻው በጥር ወር 1986 ዓ.ም. ተፈጸመ። እሳቸው ሃዲይኛ፣ ባለቤታቸው ከምባትኛ ተናጋሪ ስለነበሩ የቤታቸው ቋንቋ አማርኛ ሆነ። ኤልያብንና ሰሎሜን ወልደው አሳደጉ።

ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ሆሳዕና በሚገኝ ሆስፒታል ሠርተዋል፤ በመጨረሻም የላብራቶሪው ኃላፊ ነበሩ። በእሳቸው ክፍል ናሙና የሚታወቀው በቁጥር ነበር። አዲስ የተመደበ ባለሙያ ሁሉ የሚሰማው የመጀመሪያ ቃል «ስም በሩ ላይ ይቀራል» የሚል ነው። ወ/ሮ እታለም በሠላሳ ዓመት ውስጥ የአንድ ታካሚ ስም ከባለቤታቸው አፍ ሰምተው አያውቁም። መንገድ ላይ ሰው በተለየ ፍቅር ሰላም ሲላቸው «ከየት ትተዋወቃላችሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። መልሱ ሁልጊዜ «ከከተማ» ነበር።

በአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው ሁለት ዘመን በሽምግልና አገልግለዋል። የረቡዕ የቤት ኅብረትም ለዐሥራ አንድ ዓመት በቤታቸው ሲካሄድ ቆይቷል።

በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. ድካምና ላብ ስለበዛባቸው የገዛ ደማቸውን ቀዱ። ስላይዱን ካዩ በኋላ በራሳቸው ዓይን ብቻ መወሰን አልፈለጉምና እንደ ማንኛውም ናሙና ቁጥር ሰጥተው ለላብራቶሪ ባልደረባቸው ለሀሚዳ አቀበሉ። ሀሚዳ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ ቆየች። «ጋሼ፣ ይሄ ሰው ዛሬውኑ መጠራት አለበት፤ የት ነው ያለው?» አለች።

«መጥቷል» አሏት። «አንቺም ያየሽው ያንኑ ከሆነ ጻፊው።»

የደም ካንሰር ነበር። አዲስ አበባ ተመላልሰው ሕክምና ጀመሩ፤ አቅም ባገኙ ቀንም ሥራቸው ላይ ይገኙ ነበር።

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በቤተ ክርስቲያኒቱ ጉባኤ ሆነ። ከሌላ ከተማ የመጣ አገልጋይ እጁን ጭኖ ጸለየላቸው። በዚያ ሳምንት ትኩሳቱ ተዋቸው፤ እንጀራም በሉ። እሁድ ዕለት የሽማግሌዎች ሰብሳቢና የወጣትነት ጓደኛቸው አቶ ሚክያስ፣ አቶ ሆሴዕን ወደ መድረኩ ጠርተው፣ ክንዳቸውን ከፍ አድርገው፣ «ወንድማችን ተፈውሷል!» ብለው አወጁ። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ወ/ሮ እታለምም ከእልል ባዮቹ አንዷ ነበሩ። አቶ ሆሴዕ በዚያ ቀን ምንም አልተናገሩም።

ማክሰኞ ደማቸውን መረመሩ። በሽታው በቦታው ነበር። ይህን ለባለቤታቸው ብቻ ነገሩ። ወ/ሮ እታለምም «ትንሽ ቆይ፤ እግዚአብሔር ጊዜ አለው። ለሰው አትናገር» ብለው ለመኑ። አቶ ሆሴዕ እሺ አሉ። ቃል ሲሰጡ ወዲያው የሚሰጡ ሰው አልነበሩም፤ ያን ቀን ግን ሰጡ። ሦስት እሁድ ቃላቸውን ጠበቁ።

በአራተኛው እሁድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ከባለቤታቸው አጠገብ ተነሥተው፣ ሳይነግሯቸው፣ ወደ ፊት ወጡ። ማይክሮፎኑን ተቀብለው እንዲህ አሉ፦ «ተፈውሷል የተባልኩት እኔ ነኝ። ደሜን መርምሬዋለሁ። አልተፈወስኩም። የተጸለየልኝን አመሰግናለሁ። እግዚአብሔር ሊፈውስ ይችላል፤ እኔን እስከ ዛሬ አልፈወሰኝም። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ እኔን ብሎ እንዳያቆም እለምናለሁ። እኔም እየወሰድኩ ነው።» ከሴቶች ወንበር በኩል አንድ ድምፅ «ኧረ በኢየሱስ ስም!» አለ። ከዚያ በኋላ የተሰማው ወደ ቦታቸው የሚመለስ የእግራቸው ኮቴ ብቻ ነበር።

በማግስቱ አቶ ሚክያስ ወደ አቶ ሆሴዕ ቤት መጡ። ለመቀመጥ እንኳ አልፈለጉም።

«ሆሴ፣ ማን ተናገር አለህ? ዝም ብትል ምን ነበረበት? ዝምታ ውሸት ነው እንዴ?»

«አንዳንዴ ነው።»

«ፈውስህን በአፍህ ደፋኸው! የሕዝቡን እምነት ሰበርክ።»

«ሚክዬ፣ በእኔ ደም ላይ የቆመ እምነት ከሆነ ይሰበር» አሉ። «በእግዚአብሔር ላይ የቆመው የትም አይሄድም።»

ከዚያ በኋላ ክፉ የተናገራቸው ሰው የለም። የረቡዑ ኅብረት «ታማሚ እንዳናስቸግር» ተብሎ ወደ ሌላ ቤት ተዛወረ። ሁለት ወንድሞች መጥተው የቤተ ክርስቲያኒቱን አግዳሚ ወንበሮች ከሳሎኑ ጭነው ወሰዱ። ሳሎኑ ሰፋ። ረቡዕ ከሰዓት የውጭው በር ሲንኳኳ ሀሚዳ ትሆናለች፤ ከሥራ ወጥታ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ «ጋሼ፣ ዛሬም የደም መመርመሪያው ማሽን አኩርፏል፤ ከእርስዎ በቀር ለማንም አልታዘዝም ብሏል» እያለች ትገባለች። አቶ ሆሴዕ የሚስቁት በዚያን ጊዜ ነበር።

እሁድ ግን አንድም ቀን አልቀሩም። በተለመደው ወንበር ይቀመጡ ነበር። አጠገባቸው ቦታ ይተርፋል፤ ዘግይቶ የመጣ ሰው ቆሞ ማዳመጥ ይመርጣል። እሳቸው ግን ለታመመ ሁሉ በስሙ ይጸልዩ ነበር፤ ለራሳቸው ሲጸልዩ የሚሰማው «አባት ሆይ፣ አንተ ታውቃለህ» የሚለው ብቻ ነው።

በቤት ውስጥም ንግግር ያነሰበት ጊዜ ነበር። ወ/ሮ እታለም ባለቤታቸው እውነቱን በመናገራቸው አልተቀየሙም፤ የተሰጣቸው ቃል ለምን እንደፈረሰ ግን ማወቅ ፈለጉ። «ምነው ቀድመህ ለእኔ ብትነግረኝ? በአንድ ሳምንት ውስጥ ምን ተለወጠ?» ብለው ከአንዴም ሁለቴ ጠየቁ። አቶ ሆሴዕ ምክንያት አልሰጡም። ያሉት አንድ ነገር ነው፤ «ብቻሽን እንዳስቀረሁሽ አውቃለሁ። ይቅር በይኝ።» ወ/ሮ እታለም ይቅር አሉ፤ ግን እንደ መምህርት፣ መልሱ እንዳልተሟላ ወረቀት አድርገው ነው የያዙት። ምግብ ሲያቀርቡ፣ መድኃኒት ሲሰጡ፣ ማታ ብርድ ልብስ ሲደርቡላቸው ያ ጥያቄ በመካከላቸው ነበር።

በሚያዝያ ወር 2017 ዓ.ም. ሕመሙ ጸናባቸው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የልጅነት ቋንቋቸው ተመለሰ፤ ብዙውን በሃዲይኛ ይናገሩ ነበር። ወ/ሮ እታለም ይሰማሉ፤ የሚመልሱት ግን በአማርኛ ነበር። አቶ ሚክያስ አንድ ቀን መጥተው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና «ተቀይመኸኛል?» አሉ። አቶ ሆሴዕ «ለጸለየልኝ ሰው እቀየማለሁ?» ብለው እጃቸውን ያዙ። 

አቶ ሆሴዕ ሄራሞ ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ጧት፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው ሰሎሜ አጠገባቸው ባሉበት፣ በተወለዱ በ60 ዓመታቸው አረፉ።

በማግስቱ ዓርብ፣ ለቅሶ ላይ ከተቀመጡት መካከል አንዲት የቤተ ክርስቲያኒቱ ምእመን ወ/ሮ እታለምን ወደ ጓሮ ጠራቻቸው። በእንሰቱ መካከል ቆማ፣ እያለቀሰች፣ ይህን ነገረቻቸው። አቶ ሆሴዕ ተፈወሱ ሲባል በሰማችበት ሳምንት «ለእሳቸው ከሆነ ለእኔም ነው» ብላ በየቀኑ ትወስደው የነበረውን መድኃኒት ጥላ ነበር። ለወርኃዊ ምርመራ ሳትቀርብ ስትቀር፣ ከአራተኛው እሁድ በፊት በነበረው ዓርብ አቶ ሆሴዕ ፈልገው አገኟት። በደስታ ነገረቻቸው። እሳቸው እንዳልተፈወሱ ቢነግሯትም አላመነችም፤ «ጋሼ፣ በመድረክ ላይ የተነገረውን እርስዎ በጆሮዬ ሊሽሩት?» አለቻቸው። «እንግዲያው በመድረኩ ላይ እናገረዋለሁ» አሏት። እሁድ ተናገሩ። ሰኞ መድኃኒቷን እንደገና ጀመረች። ዛሬ በሕይወት አለች፤ ልጆቿንም እያሳደገች ነው። «ስሜን አያንሡ፤ ነገሩ ግን ይነገርላቸው» ብላ ለመነች። ስሟና ሕመሟ እዚህ አልተጻፈም፤ አቶ ሆሴዕም ለማንም አልተናገሩትም፤ ለሚስታቸውም ቢሆን።

ይህ የሕይወት ታሪክ ሐሙስ ሲጻፍ ያ ክፍል አልነበረውም። ወ/ሮ እታለም ከጓሮ ተመልሰው አስከሬኑ ወዳለበት ክፍል ገቡና በሩን ዘጉ። ጥቂት ቆይተው ወጡ።

አቶ ሆሴዕ ባለቤታቸውን ወ/ሮ እታለም ተገኘን፣ ልጆቻቸውን ኤልያብ ሆሴዕንና ሰሎሜ ሆሴዕን፣ የኤልያብን ልጅ ሐዳሳን፣ እኅታቸውን ወ/ሮ ማራኪ ሄራሞን፣ እንዲሁም በሙያቸው ያሠለጠኗቸውን ብዙ ባለሙያዎችን ትተው ሄደዋል።

ያመኑት ጌታ ነፍሳቸውን በሰላሙ ይቀበል። ልጆቻቸውን ይጠብቅ። እሳቸው ለባለቤታቸው ሳይናገሩ የያዙትን፣ ባለቤታቸውም ለእሳቸው ለመናገር የዘገዩበትን፣ ሁለቱንም የሰማ አምላክ በዚያኛው ወገን ያገናኛቸው። አሜን።