የአማቴ ቀኝ እጅ

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 5። ጠዋት።
የሸክላ ጭቃ ስረግጥ አረፈድኩ። ገሉን ወቅጬ፣ ነፍቼ ቀላቀልኩበት። አማቴ ዳንቤ ጋኑን እየዞረች ታበጃለች። አንገቱ ላይ ጌጥ ጫረችበት፤ ያምራል። አፈር ግን ሊያልቅብን ነው። አፈር የምናወጣበትን ጉድጓድ የመንደሩ ጭቃ ሹም በእሾህ አጠረው፤ ለከብቶቼ ግጦሽ ነው ይላል። ባሌ ኤርጫፎ እዚያ መሄዱ ይቅርባችሁ አለ። ምን በልተን እንደር? እስቲ አንቺ ደብተሬ ንገሪኝ።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 6። ከቀኑ 9 ሰዓት።
ፊደሌ ተበላሸ።
ከአማቴ ጋር እሾሁን ገፍተን ገባን። እሷ ስትቆፍር፣ እኔ ቅርጫት ስሞላ፣ የጭቃ ሹሙ ዘበኛ ታደሰ ዱላ ይዞ መጣ። ምንም አልጠየቀም። መጀመሪያ ጀርባዋን መታት። ስትወድቅ ቀኝ እጇን፣ መሬት ላይ እንደተዘረጋ፣ ደጋግሞ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ።
“በዚህ አይደል የምትሠሪው?” አላት።
ዶማውን አነሳሁ። የት እንደመታሁት አላየሁም። ደም ዓይኑን ሞላው፣ ተንበረከከ። ደግሜ አነሳሁ። አማቴ በግራ እጇ ቀሚሴን ያዘች።
“ይበቃል ልጄ፣ ትገድይዋለሽ።”
ባትይዘኝ አልተውም ነበር። አላዘንኩም። ይኸው ነው የሚያስፈራኝ።

ዓርብ፣ ጥቅ. 8።
ወጌሻው የአማቴን እጅ አሰረላት። ጣቶቿ ከእንግዲህ አይታጠፉም አለ። ታደሰ አልሞተም፤ ጆሮው ተቆርጧል።
ዛሬ የጭቃ ሹሙ ሰዎች መጡ። ለመተኰስ የደረቀውን ሸክላ ሁሉ በዱላ አደቀቁት። ጋኑን በእርግጫ። ኤርጫፎን ምሰሶ ላይ አስረው ገረፉት። እኔ እንሰቱ ውስጥ ተደብቄ አየሁ፣ አፌን በእጄ አፍኜ። ሲሄዱ ፈታሁት። ብቻውን ወደ ቤት ገባ።

እሑድ፣ ጥቅ. 10።
ሽማግሌዎች መጡ። ለእርቅ ድንጋይ ተሸክሜ ታደሰ እግር ላይ እንድወድቅ ይፈልጋሉ። ስለ አማቴ እጅ አንድም ቃል የለም። ኤርጫፎ እሺ በዪ ይለኛል። ፊቱ አብጧል፤ አልፈርድበትም። አማቴ የታሰረ እጇን አነሳች።
“ለጆሮው እርቅ አላችሁ። ለእጄስ?”
ሽማግሌዎቹ ተነስተው ሄዱ።

ሰኞ፣ ጥቅ. 11። ንጋት።
ሆሳዕና ከተማ ፍ/ቤት እንሄዳለን፣ እኔና እሷ። እኔንም ያስሩኛል። መታሁት ብዬ ራሴ እናገራለሁ። መጀመሪያ ግን የእጇን ማሰሪያ ዳኛው ፊት እፈታለሁ።
ኤርጫፎ በሩ ላይ ቆሟል። ሊከለክለኝ መስሎኝ ነበር።
“መንገዱ ሩቅ ነው፣ በተመታ ጀርባዋ አትችለውም፤ እናቴን እኔ አዝላታለሁ” አለኝ።
ጎንበስ ብሏል። ጀርባው ላይ ስትወጣ ልደግፋት፤ እዚህ ላይ አቆማለሁ።