ዶን አንሴልሞ ፓስሚኞ እና ስኳር የማትነካው ወፍ

ዶን አንሴልሞ ፓስሚኞ ከአባታቸው ከአናጢው ዶን ሄናሮ ፓስሚኞና ከእናታቸው ከዶንያ ሶይላ ቱፊኞ በኢኳዶር፣ በሚንዶ መንደር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1949 ተወለዱ። በኪቶ ሥነ ሕይወት አጥንተው ሲመለሱ መንደርተኛው ሐኪም የሆኑ መስሎት የታመመ አሳማውን እየጎተተ ደጃቸው ተሰለፈ። እሳቸው ግን የተመለሱት አውራ ጣት ለምታህለው አበባ ቀሳሚ ወፍ፣ ለኮሊብሪ ነበር።

በ1976 ዶንያ ኤርሊንዳን በቤተ ክርስቲያን አግብተው ማሪቤልን ወለዱ። የሠርጋቸውን ፎቶ ራሳቸው ስላነሱ አንዱም ላይ የሉበትም።

እሳቸው ጫካ ውስጥ ጭቃ ላይ ተንበርክከው ወፍ ሲጠብቁ፣ መንደራችን ወፏን የሚስብ የስኳር ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በረንዳ ላይ መስቀል እንደሚቀል ደረሰበት። ከኋላው አረንጓዴ ጨርቅ ወጥሮ፣ ፎቶውን “ከጥልቅ ጫካ የተገኘ” እያለ ይሸጥ ጀመር። ከእነዚህ ጀግኖች ብዙዎቹ አሁን በዚህ ቀብር ፊት ወንበር ላይ ስላሉ ስማቸውን አንጠራም። የሟቹ የአጎት ልጅ ዶን ሪጎቤርቶ ግን ካልተጠሩ ይከፋቸዋል። ጽጌረዳ ውስጥ ስኳር ጨምረው ባነሱት ፎቶ የተሸለሙ ዕለት ዶን አንሴልሞ በሰው ፊት ጠየቋቸው።

“ሪጎቤርቶ፣ ይቺ ወፍ ጽጌረዳ ላይ ምን ትሠራለች? ሠርግ ተጠርታ ነው?”

“ቅናት ነው። አንተ እስክታነሳት እኮ ታረጃለች።”

ዶን አንሴልሞ ዕድሜያቸውን የሰጡት ምንቃሯ እንደ ማጭድ ለታጠፈው ኮሊብሪ ነው። “ይቺ ወፍ ከዱር አበባዋ በቀር የማንንም ጠርሙስ አትነካም” ብለው መጽሐፍ ጻፉ፤ በየክርስትናውና በየለቅሶውም ደገሙት። አጥርቶ የሚያሳያት ፎቶ ግን አልነበራቸውም። ያነሱት ሁሉ ከሄደች በኋላ የሚወዛወዘውን ቅጠል ነው።

በ2021 ሳንባቸው ታመመና ጫካ መውጣት ቀረ። ዶንያ ኤርሊንዳ መስኮቱ ላይ ጠርሙስ ሰቀሉ።

“ይሄን ቆሻሻ አውርጂልኝ።”

“ላንተ አልሰቀልኩትም። አርፈህ ተኛ።”

አንድ ጠዋት ዶንያ ኤርሊንዳ ገበያ ሳሉ፣ ያቺው ማጭዳም ወፍ መጣች። አንገቷን አጣማ ምንቃሯን ሰካችና እንደ ማንም ሆዳም ጠጣች። ሌላ ያየ ሰው አልነበረም። ዶን አንሴልሞ ዝም ቢሉ መጽሐፋቸው ሳይነካ አብሯቸው ይቀበር ነበር። ካሜራቸውን አንስተው ጥርት አድርገው አነሷት።

ሊጠይቁ የመጡት ዶን ሪጎቤርቶ ፎቶውን አይተው አዘኑላቸው።

“ጠርሙሱን ከፎቶው ላይ ላጥፋልህ። ጫካ ያነሳኸው ይመስላል፤ መጽሐፍህም አይበላሽ።”

“እሱንማ አንተም ትችለዋለህ። ጠርሙሱ ይቀመጥ።”

ከፎቶው ሥር ማሪቤልን “አትነካም ያልኩት ስህተት ነው” ብለው አስጻፏት።

ዶን አንሴልሞ ጁን 9 ቀን 2023 በተወለዱ በ74 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እስከ መጨረሻው የናቁትን አንድ መንደር ሙሉ ሰው ትተው ሄደዋል። ፎቶው በዚህ ወረቀት ጀርባ ከነጠርሙሱ ታትሟል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን አበባው በማይረግፍበት ደጅ ያሳርፍልን። እዚያም ጠርሙስ ተሰቅሎ ካገኙ ትዕግሥቱን ይስጣቸው።