ግምጃ ቤቱን ማን ሞላው?

ለወንድሜ ለአበባው፤ ዱባይ

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህን ይይዝህ የነበረው ሕመም ለቀቀህ ወይ? የዱባይ ሙቀትስ በረድ አለ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። ብርቱካኑ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ መንገድ ዳር ይዛ ስትቀመጥ የወልድያ አውቶቡሶች ሳይቆሙላት አያልፉም። ሰላምታዬ ከልቤ ነው፣ ንዴቴም ከልቤ ነው። ስልኬን አላነሳ ስላልክ ይኼን በወረቀት ጽፌ፣ ወደዚያው ለምትመለሰው ለጎረቤታችን ለለይላ ልጅ ሰጥቻታለሁ።

ልብ ወለዳችንን ስንጀምር ያልነውን ረሳኸው? ከቻይንኛ የተተረጎሙትን ታሪኮች ስልክ ላይ አብረን ስናነብ የሚያበሳጨን አንድ ነገር ነበር። ሰውዬው ተራራ ላይ ካለ ማኅበር ይገባል፣ ኃይል የሚሰጥ እንክብል ይውጣል፣ ደረጃ በደረጃ እየጠነከረ የማይሞት ይሆናል። በመጨረሻም የማኅበሩን ግምጃ ቤት ጠራርጎ ይሄዳል፣ አንባቢም ያጨበጭብለታል። ያን ግምጃ ቤት ማን እንደሞላው የሚጠይቅ የለም። “እኛ ስለሞሉት ሰዎች እንጻፍ” ያልከው አንተ ነህ፤ እኔ አይደለሁም። በቴሌግራም ቻናላችን አንተ ውጊያውን፣ እኔ ሰዎቹን እንድንጽፍ ተስማማን። አንዳችን የፈጠርነውን ሰው ሌላው ሳያስፈቅድ እንዳይገድልም ቃል ተገባብተን ነበር።

እትዬ ውዴን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ለእንክብሉ የሚሆነውን ቅጠል ከገደል እየለቀመች የምታስረክብ፣ አንዷን እንክብል እንኳ ቀምሳ የማታውቅ ሴት። ጀግናችንን ዳኜን ከመንገድ አንስታ ያሳደገችውም እሷ ናት። አነጋገሯም አረማመዷም የማን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማዬና ለይላ እንደ ልማዳቸው ሊሰሙ ተቀመጡ። አንተ የለቀቅከውን አዲስ ክፍል አስቀድሜ ሳላየው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ግምጃ ቤቱ የሚከፈተው የመጨረሻውን እንክብል ለዋጠ ብቻ ነው፤ እንክብሉ ደግሞ ከሰው ነፍስ የሚነጠር ነው አልክ። እትዬ ውዴ “አይዞህ ሆዴ” ብላ፣ እየሳቀች፣ እንክብሉ ከሚፈላበት ድስት ውስጥ ገባች። ዳኜ ዋጠ፤ በሩ ተከፈተ። “አይዞህ ሆዴ”! ይቺን ቃል ከእማዬ አፍ እንደወሰድካት መርሳ ውስጥ የማያውቅ አለ?

እማዬ “ልጁ ቆሞ እያያት ነው?” አለችኝ። አዎ አልኳት። “አትግቢ አላላትም?” አላላትም አልኳት። ለይላ “ወላሂ፣ እንዲህ ያለውን ኃይል አላህ ያርቅልን” ብላ ተቆጣች። እማዬ ግን ነጠላዋን አጣፍታ ብርቱካን ልትለቅም ወጣች። በእሑድ ቀን!

ስደውልልህ “ኃይል ዋጋ አለው፤ አንባቢም ወዶታል” አልከኝ። እሺ፣ ዋጋ ይኑረው። ታዲያ ለምንድን ነው ኃይሉ የአንዱ፣ ዋጋው የሌላው የሚሆነው? የማኅበሩ አለቆች አንዲት ቅጠል በጥሰው አያውቁም፤ የሚበሩት ግን በዚያ ቅጠል ነው። ቁልፉ እጃቸው ስለገባ ብቻ ተራራው የእነሱ ሆነ። ይኼን ያስረዳኸኝ አንተ አልነበርክም? አሁን ምን ነካህ?

ስለዚህ ቀጣዩን ክፍል እኔ ጻፍኩት። የውዴን ሞት የሰሙት ቅጠል ለቃሚዎች በማግስቱ ወደ ገደሉ አልወጡም። አለቆቹ “ግምጃ ቤታችን ሙሉ ነው” ብለው ሳቁ። እንክብሉ እያለቀ ሲሄድ ግን ይበሩ የነበሩት በእግራቸው መሄድ ጀመሩ። ዳኜም ኃይሉ ከላዩ ሲረግፍ ወደ መንደሩ ወርዶ የእትዬ ውዴን ቤት አንኳኳ፤ የሚከፍትለት ግን አልነበረም። እዚያ ላይ አበቃሁት።

ወልድያ ሄጄ ቻናሉን አብሮህ ለሚያስተዳድረው ለባጃጅ ነጂው ለናትናኤል ሰጠሁት። “አበባው ይቆጣኛል” ብሎ አንገራገረ። “የእኔ ቁጣስ አይታይህም?” አልኩት፤ ባጃጁን ዳር አስይዞ እዚያው ቻናሉ ላይ ለቀቀው። አንተ ግን ወዲያው አጠፋኸው። አንብበኸው ቢሆን ባልከፋኝ! “ልጅነትሽን ተይ” ብለህ ጽፈህ ስልክህን ዘጋህብኝ። ተራራ ላይ የወጣኸው አንተ ራስህ ነህ እንዴ?

ያጠፋኸውን ክፍል ለእማዬ አነበብኩላት። እንደጨረስኩ “አሁንም ደጅ ቆሟል?” አለችኝ። ቆሟል አልኳት። “ኧረ አንድ ሰው ይክፈትለት፣ ብርዱ ይገድለዋል። ጻፊና አስገቢው” ብላ ለመነችኝ። ቢቆርጡኝ አልጽፈውም! ማን እንደሚከፍትለት፣ ገብቶስ ምን እንደሚል፣ እማዬ ፊት አንገትህን ሳትደፋ የምታነበው አድርገህ አንተው ጻፈው።

እማዬ ጉንጭህን ስማሃለች፤ ምን እንደምትበላ ንገረኝ ብላሃለች። ታናሽ እህታችን ሩት ትምህርቷን ጀምራለች፣ ትናፍቅሃለች። ከሐራ የመጣው አጎታችን ሞገስ ሰላም ብሎሃል። ለይላ ኩርፊያዋ ባይለቃትም ጤናህን ጠይቃለች። እኔም እህትህ ነኝና፣ ተናድጄም ቢሆን ሰላም ብዬሃለሁ።

እህትህ ፌቨን
መርሳ፣ ሐብሩ
ጥቅምት ፳፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.