አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ

ረቡዕ

«አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሺ» አልኳት እንጉዳይን፤ ያውም በኳየር ልምምድ ላይ፣ በሰው ፊት። ከኋላ የቆሙት ወንዶች ሳቁ። ዝም አላሰኘኋቸውም።

የጉና ልጅ ናት፤ የዘንድሮ ተመራቂ። ድምፅዋ አይሰበርም፣ ከዜማም አይወጣም። ግን ከማንም ጋር አይቀላቀልም፤ ሁሉም አብረው ሲዘፍኑ የእሷ ብቻ ተለይቶ ይሰማል። ቅዳሜ ምረቃ ነው። ኳየር ለዩኒቨርሲቲው ምን ይሠራለታል እያሉ ሲያሾፉብኝ የኖሩት ሁሉ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። እሷ ዝም ካለች በኋላ ዘፈኑ አማረ። ማማሩ ነው ያናደደኝ።

ሐሙስ

ትቀራለች ብዬ ነበር። ከሁሉም ቀድማ መጥታ ወንበር ስትደረድር አገኘኋት። ስንዘፍን አፏን በልክ ትከፍታለች፣ ትንፋሽ በቦታው ትወስዳለች፤ ድምፅ ግን የለም። እሷን ላለማየት ኪቦርዱ ላይ አቀረቀርኩ።

ስንጨርስ «ቲቸር፣ ቅዳሜ አባቴ ይመጣል» አለችኝ።

ደስ ይላል አልኳት።

«ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። የት ጋ እንደቆምኩ አያይም፤ በድምፄ ነው የሚለየኝ።»

ልትወቅሰኝ ብላ አልመሰለኝም። ያኔውኑ «በቃ ዝፈኚ» ማለት ነበረብኝ። «እስቲ እናያለን» ብዬ ወጣሁ። ምኑን ነው የማየው?

ዓርብ

ልነግራት ቆርጬ ሄድኩ። መብራት ጠፋ። የወንዶቹ ከረባት ጎደለ። ማይኩ ይጮኻል። ሰበብ ነው ሁሉም፤ አንድ ቃል ለመናገር መብራት አያስፈልግም።

ዲኑ ብቅ ብሎ አዳመጠና «አሁን ገና አንድ ድምፅ ሆናችሁ» አለኝ። ይህችን ቃል ስንት ዘመን ጠብቄያታለሁ! ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ ደግሞ ራሴን ጠላሁት። እንጉዳይ ለነገ ቀሚሷን ተኩሳ ሰቅላለች። ምንም ሳልላት ተለያየን።

ቅዳሜ

ዘፈንን። ተጨበጨበ። አለቆቼ ጨበጡኝ።

የእንጉዳይ አባት ጋቢያቸውን ተከናንበው ከተመራቂ ወላጆች መሃል ተቀምጠዋል። ከኪቦርዱ ጎን ሆኜ አያቸዋለሁ። መጀመሪያ ፈገግ ብለው ነበር። ዘፈኑ እየገፋ ሲሄድ ጆሯቸውን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ማዘንበል ጀመሩ። እየፈለጓት ነው።

በኋላ እጃቸውን ይዛ አመጣቻቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ ልጄን ለወግ አበቁልኝ። ዘፈኑ ግሩም ነው። የእሷን ድምፅ ግን አጣሁት። አልነበረችም እንዴ?»

እንጉዳይ ቀደመችኝ። «ጉንፋን ይዞኝ ነው አባባ።»

«አዎ፣ አሟት ነው» አልኩ እኔም። ተማሪዬ እኔን ለማዳን ዋሸች፤ እኔም ተከትያት ዋሸሁ።

«የጉና ብርድ ያልደፈራትን ልጅ እዚህ ጉንፋን ያዛት?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሷ እኮ አውጪ ናት። ሰርግ ቤት እሷ ካላወጣች ሌላው ምኑን ይቀበላል?»

አውጪና ተቀባይ! በየዓመቱ ለጀማሪ ተማሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ። አውጪ ድምፁ ተለይቶ እንዲሰማ ነው የሚመረጠው ብዬ ፈተና ላይ ሳይቀር አውጥቼዋለሁ። አውጪዋን ከተቀባዮች መሃል አቁሜ፣ ለምን አትመሳሰልም ብዬ አፏን ዘጋሁት። ውርደቴን የት ልደብቀው?

እሁድ

በጠዋት ባጃጅ ይዤ መናኸሪያ ሄድኩ። እንጉዳይና አባቷ ወደ ጉና ሊመለሱ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጠው እስኪሞላ ሲጠብቁ ደረስኩባቸው።

«አባባ፣ ጉንፋን አልያዛትም። ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ» አልኩ። ለምን እንደሆነም ነገርኳቸው። ተሳፋሪው ሁሉ ያዳምጣል።

አባቷ ወደ ድምፄ ዞሩ። «ይኸንን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ነበር የሚነግሯት» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ወደ እሷ ዞሬ «በድዬሻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «አሁን አውጪላቸው፤ እኔ እቀበልሻለሁ።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። እምቢ ያለች መስሎኝ ነበር። ከዚያ መሃረቧን ከአንገቷ ፈትታ የሰርግ ዘፈን አወጣች። አባቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከኋላ ያሉት ሴቶች እያጨበጨቡ ተቀበሏት። እኔም ልቀበል አፌን ብከፍት ሳጌ ቀድሞ ወጣ።

እንጉዳይ ዘፈኗን አቋርጣ ወደ እኔ ጎንበስ አለች።

«ቲቸር፣ እርስዎ አፍዎን ብቻ ያንቀሳቅሱ።»

ሚኒባሱ በሳቅ አለቀ፤ አባቷም ሳቁ። ይቅር ብላኝ ይሁን ብድሯን መልሳ፣ አላውቅም። እኔ ግን እንዳለችኝ አደረግሁ።