የባርባ አሥራ ሰባተኛው የአንገት አጥንት

ለቡራንዲ ሂል ከተማ ምክር ቤት ሥራ አስኪያጅ
ለክቡር አቶ ግሌን ትሬሎር
ቡራንዲ ሂል፣ ደቡብ አውስትራሊያ

ኦገስት 11 ቀን 2011 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ በመጪው ቅዳሜ ለጨረታ ከሚቀርበው የጥንት የባሕር እንስሳ አጽም ላይ አንድ አጥንት ወጥቶ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ

አመልካች ዝደንካ ማቱሊች እባላለሁ። ዕድሜዬ ሰባ ሦስት ነው። በከተማችን ምዕራብ ጫፍ፣ ከመሬት በታች በተፈለፈለ ቤት ስኖር አርባ አራት ዓመት ሞልቶኛል። አጽሙን ለከተማው በስጦታ ያበረከትኩት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ ፍራኔ ባረፈ በዓመቱ። ተሽጦ የክሊኒኩ ጣሪያ ይቀየርበት ሲባልም መጀመሪያ እጄን ያወጣሁት እኔው ነበርኩ። ስለዚህ ይህ አቤቱታ ጨረታውን ለማደናቀፍ የቀረበ አለመሆኑ ከወዲሁ እንዲታወቅልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

1ኛ. እ.ኤ.አ. በ1970 ባለቤቴ ኦፓል የተባለውን የከበረ ድንጋይ ፍለጋ ከቆፈረው ጉድጓድ ያወጣውን አፈር ስበረብር፣ የክር ጥቅል የምታክል ልስልስ ድንጋይ አገኘሁ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በዚህ ከተማ ሰው ድንጋይ ሲያገኝ መጀመሪያ በጉጠት ይሰብራል፤ ምንነቱን የሚጠይቀው ቀለም ካየ በኋላ ነው። እኔም ሰበርኩ። ውስጡ አረንጓዴና ቀይ ይነድ ነበር። ስንጋባ ቀለበት የሚባል ስላልነበረን፣ ፍራኔ ከስባሪዎቹ ደህናዋን አለስልሶ ቀለበት አሠራልኝ። ሌላው ደቅቆ ቀረ።

2ኛ. በሳምንቱ ፍራኔ ከጉድጓዱ ሥር እንስሳውን አገኘው። አጥንቱ በሙሉ ወደ ኦፓል ተለውጦ በተራ ተኝቷል፤ ከረዥሙ አንገት አንድ አንጓ ብቻ የለም፤ አሥራ ሰባተኛው። እኔ ከላይ ሆኜ ሳቁን ሰማሁት። «አንቺ ሴትዮ! የሽማግሌውን አንገት ቀንጥሰሽ ጣትሽ ላይ አደረግሽው እኮ!» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእንስሳው ስም ባርባ ሆነ፤ በተወለድንበት የክሮኤሽያ ባሕር ዳር ሽማግሌ መርከበኛ የሚጠራበት ነው። ፍራኔ ሳምንት ሙሉ ሳቀ። እኔ ግን ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ሳይጎድል የተኛ ፍጡር በእኔ ጉጠት መጉደሉ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ቀለበቱንም አውልቄ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

3ኛ. ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ፍራኔ አንድ አጥንት ይዞልኝ መጣ። «ከአፈሩ ውስጥ አገኘሁልሽ። የሰበርሽው የሌላ ነው፤ የዓሣ ይሆናል። በይ አሁን ቀለበትሽን አጥልቂ» አለኝ። አመንኩት፤ ሰው ባሏን ካላመነች ማንን ልታምን ነው? በዚያው ሰሞን በመኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ፣ በትራስጌዬ በኩል፣ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ተፈልፍላ አገኘሁ። ምንድን ናት ብዬ ስጠይቀው «ለመነጽርሽ ማስቀመጫ» አለኝ። በዚያን ጊዜ መነጽር አላደርግም ነበር።

4ኛ. ባለፈው ሰኞ ኤግዚቢሽኑ ሲከፈት ተገኝቼ ነበር። የክቡርነትዎ ንግግር ልብ የሚነካ ነበር፤ «ይህን ግርማ ያለው ራስ ተመልከቱ» ሲሉ በጅራቱ በኩል ቆመው ከመሆኑ በስተቀር። እንግዶቹ ወደ ሻዩ ሲሄዱ ፍራኔ ያን አጥንት ከአንገቱ ጋር ያሰረባት ሽቦ መኖሯን ልይ ብዬ ከአንገቱ ሥር ጎንበስ አልኩ። በአሥራ ሰባተኛው አንጓ ሆድ ላይ ጥቃቅን ጭረቶች አየሁ። መነጽሬን አድርጌ ሳተኩር የፍራኔ እጅ ጽሕፈት ነው፤ በቋንቋችን «ዝደንካ፣ ጉጠትሽን አርቂ። ቀለበቱ ያምርብሻል» ይላል።

የትራስጌዬ ጉድጓድ ምን እንደሆነች የገባኝ ያኔ ነው። ያን አጥንት የቀረጸው ከዚያች ግድግዳ፣ ቀለም ከሌለው ተራ ኦፓል ነበር።

5ኛ. ጉዳዩን ወዲያው ለአጫራቹ ባለሙያ ለአቶ ዳሪል ኮልቢ አስታወቅሁ። በጨረታው መጽሔት ገጽ ዘጠኝ ላይ ጭረቱ የጥንት ሻርክ የነከሰበት ምልክት ነው ተብሎ ታትሟል። «እትዬ፣ ይሄ የሻርክ ጥርስ ነው፤ ተጠንቷል እኮ» አለኝ። «ልጄ፣ በእኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሻርክ ካለ ለጨረታ መቅረብ ያለበት እሱ ነው» አልኩት። አልሳቀም። ባለቤቴ ብዙ ተብሎ ያውቃል፤ ሻርክ ሲባል ግን ይህ የመጀመሪያው ነው።

ክቡር ሆይ፣ ሰውየው አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ዋሽቶኛል። ተናድጃለሁ። አፈሩ ይቅለለውና፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲገፋው የኖረ አፈር ስለሆነ የሚከብደው አይመስለኝም፤ ግን ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ የምለውን እኔ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አቅፈው ነበር። ሌላ ደብዳቤ ጽፎልኝ አያውቅም፤ ያለኝ ይኸው አንዱ ነው። እሱም ቅዳሜ ለማላውቀው ሰው ተሽጦ፣ በማላውቀው አገር መስታወት ውስጥ ሊገባ ነው።

ስለዚህ፦

አሥራ ሰባተኛው አንጓ ከጨረታው በፊት ወጥቶ ለእኔ እንዲሰጠኝ፤ መጽሔቱም እንዲታረም፤ ሙሉ ነው መባሉ ቀርቶ እውነቱ ይጻፍ። ዋጋው ጥቂት ዝቅ ቢል ይቅር ይበሉኝ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራልና፣ እኛ ዛሬ ካልተናገርነው ገዢው ነገ ይደርስበታል።

ቦታው ባዶ ሆኖ እንዲቀር አልጠይቅም። ባርባ እስከ ዛሬ የባለቤቴን ሥራ አንገቱ ላይ አድርጎ ኖረ፤ እኔም የእሱን አጥንት ጣቴ ላይ። የቀለበቴ ፈርጥ ትንሽ ናት፣ ግን የራሱ ናት፤ በቦታው እሷ ትግባ። ለሁለታችንም የየራሳችን ይመለስልን።

ከአክብሮትና ከጎረቤት ሰላምታ ጋር፣

ዝደንካ ማቱሊች
(ፊርማ)

አባሪ፦ አንድ ቀለበት። ከጣቴ የወጣው በሳሙናና በብዙ ትግል ነው። «አጥልቂ» ካለኝ ቀን ወዲህ አውልቄው አላውቅም። እባክዎ መልሱ ከዐርብ እንዳያልፍብኝ፤ ጣቴ ባዶ መሆን አልለመደም።