ስለ ፔጆዋ ሞተርና ስለ ፈይሳ ስም የተሰጠ ቃል

እኔ ኪዳነወልድ ደስታ፣ ዕድሜዬ ሰባ ሰባት ዓመት የሆነው የአዳማ ከተማ ነዋሪና የመኪና ጥገና ባለሙያ፣ ዛሬ እሑድ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በራሴ ጋራዥ ግቢ ተቀምጬ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ቃል አጽፋለሁ። ሐኪሙ ልቤ መድከሙን ነግሮኛል፤ እጄም ይንቀጠቀጣል። አእምሮዬ ግን እንደ ቀድሞው ነው። የሚጠራጠር ካለ ዓይኔን ጨፍኜ በበር የሚገባውን መኪና ዓይነት በድምፁ ብቻ ልንገረው። ማንም አላስገደደኝም። ከዚህ በፊት የሰጠሁት ኑዛዜ ቢኖር በዚህ ተሽሯል።

አንደኛ፤ ከመኖሪያ ቤታችን ግማሹ ቀድሞም የባለቤቴ የወይዘሮ መሰለች ነው። የእኔንም ድርሻ ከነዕቃው ለእርሷ ሰጥቻለሁ። አርባ ስድስት ዓመት አብራኝ ኖራለች። በተጋባን በሦስተኛው ቀን ቮልስ ሥር ተኝቼ ስውል፣ የሙሽራ ልብሷን እንደለበሰች መፍቻ ስታቀብለኝ ነበር። ለዚህ ውለታዋ ቤት አይበቃም፤ ያለኝ ግን ይኸው ነው።

ሁለተኛ፤ ጋራዡና ሰማያዊዋ ቮልስ ለልጄ ለኮከብ ይሁኑ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ባለፍኩ ማግስት ጋራዡን አፍርሳ ፎቅ ታሠራበታለች ብዬ እፈራ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ግን ቮልሷን በራሷ እጅ አጥባ፣ ጓደኛዋን በሙሽርነት ጭናባት መጣች። ከዚያ ወዲህ የሰርግ ሰሞን ቅዳሜ ቅዳሜ ሙሽሮች የእኛን አሮጌ መኪኖች ፍለጋ ይመጣሉ። እስከ ላንጋኖ ድረስ እንሸኛቸዋለን። ልጄን ሳላውቃት ፈርቻት ኖሬአለሁና ይቅር ትበለኝ።

ሦስተኛ፤ ወደ ዋናው ጉዳይ እመጣለሁ። የሰው ስም አጥፍቻለሁና እርሱን ሳልመልስ መሞት አልፈልግም።

ፈይሳ ገላና በ1978 ዓ.ም. ከዓለም ጤና መጥቶ እኔ ዘንድ ሥራ ጀመረ፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ሸሪኬ ሆነ። ሁለታችንም የአውሮፓ አሮጌ መኪና ስናይ ምሳችንን የምንረሳ ሰዎች ነበርን። ከሁሉ አብልጠን የምንወደው፣ ኩየራ ያስተምሩ ከነበሩ አንድ ሰው በጋራ የገዛናትን ነጭ ፔጆ 404 ነው። ማርሿ ከመሪው ሥር ነው። በሯ ሲዘጋ ወፍራም መጽሐፍ የተከደነ ይመስላል። ቅዳሜ ከሰዓት ኮፈኗን ከፍተን ቆመን ሞተሯን እንሰማ ነበር፤ ሌላ ሥራ ሳንሠራ፣ እንዲያው ለመስማት ብቻ።

በ1996 ዓ.ም. ጓርኒሲዮኗ፣ ማለትም የሞተሩን ራስ ከአካሉ የሚያሽገው ስስ ዕቃ፣ ከእርጅና የተነሳ ተቃጠለ። አዲስ አበባም ስላጣሁት ድሬዳዋ ድረስ ሄጄ ብዙ ቀን ቆየሁ። ይዤው ስመለስ፣ የግቢው በር ገና ሳይከፈት ድምፅ ሰማሁ። የፔጆ ድምፅ አልነበረም። ፈይሳ ሞተሯን አውጥቶ የቶዮታ ሞተር ገጥሞባት ኖሯል። ሠራተኞቹ ሁሉ እየሰሙ፣ «ሬሳ ነው ያስነሳህልኝ» አልኩት። እርሱ እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ «ጋሼ፣ እንድትሄድ ብዬ ነው» አለኝ። እኔም ወዴት እንድትሄድለት እንደፈለገ አልጠየቅሁትም።

በዚያው ሳምንት ሥራውን ጥሎ ሄደ። የወጣው ሞተርም በመጋዘን አልተገኘም። ለቆራሌው ሸጦታል ብዬ ደመደምኩ። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በአዳማም በሞጆም በመቂም፣ ላገኘሁት ሁሉ ፈይሳ ሌባ ነው አልኩ። ሥራ ሊሰጡት የነበሩ ሁለት ጋራዦች እኔን ጠይቀው መልሰውታል። ፔጆዋን ሸራ አልብሼ ጥግ አቆምኳት። ልነዳትም ልሸጣትም አልቻልኩም።

በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ከመሰለች ጋር በቮልሷ ወደ ላንጋኖ ስንሄድ፣ እኔው በጊዜው ሳልቀይረው የቆየሁት የፍሪሲዮን ገመድ ዓለም ጤና አጠገብ ተበጠሰ። ሽንኩርት የሚነቅሉ ሰዎች፣ የውኃ ፓምፕ የሚጠግን ባለሙያ አለ ብለው ሊጠሩልን ሄዱ። የመጣው ፈይሳ ነው። ጸጉሩ ነጥቷል። «አካም ጅርቱ፣ ጋሼ» ብሎ ሰላምታ ሰጠኝና ጎንበስ ብሎ ቮልሷ ሥር ገባ። እኔ ፊቴን ወደ መንገዱ አዞርኩ። መሰለች ግን የእናቱን የአዴ ጉዲቱን ደኅንነት ጠየቀችው።

ነገሩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እኔ ድሬዳዋ ሳለሁ እናቱ ወገባቸው ተሰብሮ ኖሯል። በየሳምንቱ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ መድረስ ነበረባቸው፤ አውቶቡስ ላይ መቀመጥ ግን አይችሉም። በጀርባቸው ሊተኙበት የሚችሉት የፔጆዋ የኋላ ወንበር ብቻ ነበር። እኔ ሰድቤው ከሄደ በኋላ ፈይሳ በሽንኩርት ጭነት መኪና ላይ ፍራሽ አንጥፎ አመላለሳቸው። ድነው አሥራ አንድ ዓመት ኖሩ። ከዚያ በሰላም አረፉ።

ገመዱን ከቀጠለልን በኋላ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው መጋዘን ወሰደን። የፔጆዋ ሞተር በሽንኩርት ጆንያ ተጠቅልሎ ሳንቃ ላይ ተቀምጧል። በየዓመቱ ዘይት እያጠጣ በእጁ ሲያዞረው ኖሯል። ለምን እንዳልላከልኝ ጠየቅሁት።

«ሌባ እንደሚሉኝ ሰምቻለሁ» አለ። «ይዤው ብመጣ ከእጁ ተያዘ ይባላል። የጋራችን ነውና፣ መጥተው እስኪጠይቁኝ ጠበቅኩ።»

አንድ ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። መሰለች «በል እንጂ» አለችኝ። ያን ጊዜ ይቅርታ ጠየቅሁት። ተነስቼ ጫማው ላይ ሳልወድቅ ያዘኝ።

በሳምንቱ ሞተሩን አስጭኖ አዳማ መጣ። ለአሥራ አራት ወር አብረን ሠራን። ከድሬዳዋ ያመጣሁት ጓርኒሲዮን ደርቆ ተሰነጣጥቆ ስለነበር ፈይሳ ከመዳብ ቆርጦ አዲስ ሠራላት። በግንቦት 2016 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሞተሯ ተነሣ። ሁለታችንም እስኪመሽ ድረስ ቆመን ሰማናት። የተሰደበው የጃፓን ሞተር ዛሬ ዓለም ጤና ላይ ለስድስት ቤተ ሰብ ማሳ ውኃ ይስባል።

ስለዚህ ፔጆዋ ከነሊብሬዋ ሙሉ በሙሉ የፈይሳ ትሁን። በጋራዡ ውስጥ መኪና ሥር ገብተን ከምንሠራበት ጉድጓድ አጠገብ ያለው የሥራ ቦታም በሕይወት እስካለ ድረስ የእርሱ ነው፤ ኮከብም ሆነች ወራሾቿ አያስነሱትም። ስሙ በጋራዡ ታፔላ ላይ ከስሜ ጎን ይጻፍ። ይህ ሦስተኛ አንቀጽ እስክሞት አይጠበቅ፤ በመጪው የእድራችን ስብሰባ እኔው ባለሁበት ይነበብ። ስሙን ያጠፋሁት በአደባባይ ነውና በአደባባይ እመልሳለሁ።

አራተኛ፤ ለልጄ የምመክረው ይህን ነው። የመኪናን የጥንት መልክ ጠብቂ፤ ቀለሟን በዘመን ፋሽን አትለውጪ። ነገር ግን መኪና የተሠራችው ለመሄድ ነው። ዕቃ ጠፍቶ ሰው መንገድ ላይ ከሚቀር፣ የተገኘውን ግጠሚ። ከባልደረባሽ ስትጣዪ ደግሞ ከመፍረድሽ በፊት ምክንያቱን ጠይቂው። እኔ አንድ ጥያቄ ባለመጠየቄ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከስሬአለሁ።

አምስተኛ፤ ትንሿ ፊያት 600 ተሽጣ ለጋራዡ መሣሪያ ይገዛባት ብዬ አስጽፌ ነበር። አንቀጹ ሲነበብ መሰለች እጇን አነሣች።

«እርሷን ለእኔ ስጠኝ» አለች። «አርባ ስድስት ዓመት ከጎንህ ተቀምጫለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ መሪ አላስያዝከኝም።»

በሰባ ዓመቷ ምን ታደርግላታለች ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ኋላ ግን ራሴ ባጻፍኩት ምክር አፈርኩና ምክንያቷን ጠየቅኋት። የላንጋኖን ሐይቅ ራሷ እየነዳች ደርሳ ማየት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ስለዚህ የቀድሞው ተሰርዞ እንዲህ ተጽፏል፤ ፊያቷ የመሰለች ናት። ይህም ከሞቴ በኋላ አይደለም፤ ከዛሬ ጀምሮ ነው። ትምህርቱ ነገ ሰኞ ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት በዚሁ ግቢ ይጀመራል። አስተማሪው እኔ ነኝ፤ ትንፋሼ ካጠረ ፈይሳ ይተካኛል።

ይህ ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለተናዛዡና ለአራቱ ምስክሮች በአንድነት ተነቦላቸው፣ ቃሉ ያለ ጉድለት የተናዛዡ መሆኑን አረጋግጠው ፈርመዋል። አቶ ፈይሳ ገላና ምስክር ለመሆን ቢጠይቁም፣ ተጠቃሚ ስለሆኑ አልተፈቀደላቸውም፤ ንባቡ እስኪያበቃ በር ላይ ቆይተዋል።

ተናዛዥ፦ ኪዳነወልድ ደስታ (ፊርማ)

ምስክሮች፦
አቶ ገመቹ ዲዳ፣ የጎማ ነጋዴ (ፊርማ)
ወይዘሮ ፎዚያ አወል፣ የመለዋወጫ ሱቅ ባለቤት (ፊርማ)
አቶ አስፋው ሰንበታ፣ የእድሩ ዳኛ (ፊርማ)
ወይዘሮ ሑስና ከድር፣ ጎረቤት (የጣት አሻራ)

ጸሐፊ፦ ምንተስኖት በየነ፣ ጠበቃ (ፊርማ)

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ በአምስተኛው አንቀጽ ላይ የሚታየው ስርዝ በተናዛዡ ትእዛዝ የተደረገ ነው። ወይዘሮ መሰለች የፊያቷን ቁልፍ በምስክሮቹ ፊት ተረክበዋል።