ከክርስትና የተቆጠሩት ሕፃናት

ሰኞ

አልገጠመም። ትርንጎ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቤት እንደገባች ያለችው ይህንኑ ነው። የልጅ ልጄ ናት፤ እኔ ፊደል ስላልቆጠርሁ የምለውን የምትጽፍልኝም እሷ ናት። ደክሟታል። እኔም ደክሞኛል።

በእኛ አገር፣ በመካነ ብርሃን በኩል፣ ሕፃናት ምን ያህል በሕይወት እንደሚቆዩና ምን እንደሚገድላቸው ታጠናለች። ስሌቷ ሴት መሆን ለመሞትና ለመትረፍ ያለው ክብደት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ነው ብሎ ይነሣል። ሲፈተሽ ግን አይገጥምም፤ ሴቶቹ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከወንዶቹ እጅግ ያነሰ ይሞታሉ፤ ኋላ ልዩነቱ ይጠፋል። መምህሯ፣ «ክብደቱ ከጊዜ ጋር ይለዋወጣል ብለሽ አስገቢው፣ ይገጥማል» ብሏታል። ዓርብ ለመመረቂያ ጥናቷን ይዛ መምህራኑ ፊት ትቀርባለች።

የሕፃናቱን የልደት ቀን የሰጠኋት እኔ ነኝ። አገር ቤት ወርዳ ስትጠይቅ፣ እናቶቹ ሲያመነቱ እኔ መለስሁ። ግማሹ የክርስትና ልጄ ነው። አንድም አልሳትሁም።

ማክሰኞ

ጧት ቁርስ ሳልቀምስ ጠራኋት። ሴቶቹ አይሞቱም ያልሽውን ድገሚው አልኋት። ደገመችው። ውሸት ነው። በእጄ ቀብሬያቸዋለሁ።

ጻፊ፦ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እኔ ልጅ የማውቀው ክርስትና ሲነሣ ነው። ቀኑን የነገርኋት ከዚያ ቆጥሬ ነው፤ ወንዱን ከአርባ ቀኑ፣ ሴቷን ከሰማንያ ቀኗ። ከዚያ በፊት የሞተውን፣ ስም ስላልወጣለት፣ ጭራሽ አልቆጠርሁትም። ሴቶቹ ደግሞ ክርስትናውን ብዙ ስለሚጠብቁ፣ ሳይቆጠሩ የቀሩት ከእነሱ ይበዛሉ።

እስክሪብቶዋ ቆመ። «አያ፣ ምነው ያኔ ቢነግሩኝ?» አለች።

ምነው ያኔ ብትጠይቂኝ አልኋት። ክፉ መልስ ነው። ቢሆንም ይጻፍ።

ረቡዕ

እናቶቹን እንደገና ለመጠየቅ ወደ መካነ ብርሃን፤ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ። ወገብ የለኝም። መምህሯ ደውሎ፣ «ገጥሞልሽ የለም እንዴ፣ ምን ያንከራትትሻል?» አላት። «የገጠመው ስሕተቱ ነው» ብላ ዘጋችው። የእኔ ዘር ናት። ዓርቡ ቀረ። ዘንድሮ መመረቋ ያጠራጥራል፤ ያም በእኔ የተነሣ ነው።

ሐሙስ

ከቤት ቤት ስንዞር ዋልን። አፌን እንድዘጋ ታዝዣለሁ። እናቶቹ እኔ ጥልቅ ሳልልባቸው ቀኑን አሳምረው ያውቁታል። አንዷ፣ «አያ መኳንንት፣ ዛሬስ ማን ለጎመዎ?» ብላ ሳቀችብኝ። ቆይታ ደግሞ ስም ሳይወጣላት ስለሞተችው ልጇ አወራችን። ትርንጎ መዘገበቻት።

አሁንስ ይገጥማል ወይ አልኋት። «ጎንደር ገብቼ ሳልፈትሸው አልልም» አለች። ሸጋ መልስ ነው።

እኔም አንዲት ነበረችኝ፤ ሰማንያዋ ሳይሞላ የሄደች። የትርንጎ እናት ታላቅ እኅት ነበረች። ትርንጎ ዛሬ ገና መስማቷ ነው። ዘመኗ ስላለፈ ከጥናቱ አትገባም። እዚህ ጻፊያት አልኋት። ጻፈቻት።